የእትዬ ዞህራ ሸክላ

ባዶ ዕቃ ለጎረቤት አይመለስም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወይ ወጥ መሥራት የሚችል ነበር፣ ወይ ሚስቱ አልሞተችበትም።

እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ በእጄ የማበስለው ሁለት ነገር ነው፤ ሻይና እንቁላል። እንቁላሌን የበሉ ሰዎች ደግሞ "ሻይህ ግሩም ነው" ብለው ነው የሚያመሰግኑኝ። ባለቤቴ አስካለ በሕይወት ሳለች ወጥ ቤት ስገባ ካየችኝ "ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?" ትለኝ ነበር። እውነትም የጠፋሁ እመስል ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚህ አሜሪካ፣ ዳውንታውን ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆኜ፣ መኪናው የት እንዳለ የጠፋውን ሕዝብ ሁሉ ከመኪናው ሳገናኝ የኖርኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ ጨው የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ስለ ጨው ኋላ እመለስበታለሁ። መመለስ ባልፈልግም እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው አስካለ ያረፈች ሰሞን ነው። እንደምታውቁት ሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤትና ዘመድ ነው የሚያበላው። የእኛ ሰዎች እንጀራውን በካርቶን፣ ወጡን በትሪ እየያዙ ቤቴን ሞሉት። በዚያ መሐል ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ፣ የሞሮኮ ሴት ናቸው፣ እትዬ ዞህራ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡ። ፎጣው ሲገለጥ ሸክላ ነው። ታችኛው ዝርግ፣ ክዳኑ እንደ መሶብ ክዳን ሾጣጣ። ዕቃውንም ታጂን ይሉታል፣ ውስጡ ያለውን ወጥም ታጂን ይሉታል። ሁለተኛ ስም ማውጣት የታከታቸው ሕዝቦች ናቸው ብዬ ነበር። ስቀምሰው ግን ለስም የሚሆን ጊዜ እንዳልነበራቸው ገባኝ።

እትዬ ዞህራ እጄን ጨብጠው፣ አልቅሰው ሄዱ። ለቅሶተኛው ክዳኑን ገለጥ አደረገ። በግ ነው። በላዩ የደረቀ ፕሪም ተጋድሞበታል፣ ሰሊጥ ተነስንሶበታል፣ ማሩ ያብረቀርቃል።

"ሥጋ በማር?" አለ አንዱ፣ የሚያስነውር ነገር እንዳየ ሰው ፊቱን አዙሮ።

"የእስላም ሥጋ ነው" አለች ሌላዋ፣ ቀስ ብላ። ክዳኑ ተመለሰ። ሸክላው ጥግ ላይ እንደ ሩቅ ዘመድ ተቀመጠ።

ሰዉ ሲወጣ ገና ፀሐይ ነበር። ወጥ ቤት ገባሁ። መንገድ ጠፋህ እንዴ የሚለኝ የለም። ስንት ቀን እህል በአፌ አልዞረም ነበር። ቆሜ፣ በእጄ፣ ሸክላውን ታች ድረስ ጠራረግኩት። ንስሐ አባቴ ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ የበላሁት ፕሪሙን ብቻ ነው።

ከዚያ ሸክላው ታጠበ። ታጥቦ ደግሞ ቀረ። ባዶውን ልመልሰው አልችልም፤ የምሞላው የለኝም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ለእትዬ ዞህራ ገለጽኩላቸው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የእሳቸው እንግሊዝኛ ግማሹ ፈረንሳይኛ ነው፣ የእኔ ግማሹ እጅ ነው።

"እትዬ፣ ሸክላዎን እመልስ ነበር፤ ባዶውን መመለስ ግን በእኛ ነውር ነው።"

"ታዲያ ማብሰል ተማርና ሞልተህ አምጣው" አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ በአጥር በኩል ትምህርት ተጀመረ። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቀረፋ፣ በመጨረሻ ፕሪምና ማር። "ስንት ማንኪያ?" ስላቸው "እጅህ ሲበቃው ያቆማል" ይሉኛል። የእኔ እጅ የሚበቃው ነገር እንደሌለ አያውቁም። ዓመታት ሄዱ። ልብሳቸውን ሊያሰጡ በወጡ ቁጥር "ሸክላዬ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?" ይሉኛል። "ዘንድሮም ወደቀ፣ እትዬ" እላለሁ። ይስቃሉ፤ ሲስቁ የልብስ መቆንጠጫው ከአፋቸው ይወድቃል። ሸክላው ግን ሥራ አልፈታም፤ የመነጽሬ፣ የቁልፌና የደም ግፊት ኪኒኔ ማደሪያ ሆኖ ነበር። ሰው "ኪኒንህን ወሰድክ?" ሲለኝ "ታጂኔን በላሁ" እል ነበር።

ዘንድሮ እትዬ ዞህራ አረፉ። ሰኞ ልብስ አስጥተው፣ ሐሙስ የሉም።

ባለቤታቸው ሀጂ ድሪስ ድሮም ዝምተኛ ናቸው፤ ለሁለቱም የሚያወሩት እትዬ ዞህራ ነበሩ። ከቀብሩ ወዲህ ዝምታው ሥጋቸውን በላው። አትክልቱን ሊያጠጡ ሲወጡ በአጥሩ አያቸዋለሁ፤ ሱሪያቸው ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። "ሀጂ፣ እህል ይቀምሳሉ?" ስላቸው "ሻይ ጠጥቻለሁ" ይሉኛል። ያንን መልስ አውቀዋለሁ። እኔም አስካለ የሞተች ጊዜ ሻይ ስጠጣ ነበር፤ እትዬ ዞህራ ሸክላ ይዘውልኝ እስኪመጡ ድረስ። ለሀጂ ሸክላ ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ከመሬት በታች ነው። ሸክላውም እኔ ቤት ኪኒን ይጠብቃል።

"አርባዋ መቼ ነው?" አልኳቸው አንድ ቀን። እነሱም እንደኛው አርባ ያወጣሉ።

"አርብ።"

"ልጆች ይመጣሉ?"

"ሥራ አላቸው" አሉና ውሃውን ወደ ደረቀ ጉቶ ማጠጣት ቀጠሉ።

እዚያው አጥሩ ሥር ቆርጬ ተነሳሁ። አርብ ዕለት የእትዬ ዞህራ ሸክላ ሞልቶ ይመለሳል።

ሐሙስ ባቡር ተሳፍሬ ሄይዋርድ ወረድኩ። እዚያ የሐላል ሥጋ የሚሸጥ ሀሰን የሚባል የደሴ ልጅ አለ። ልጅ ስላችሁ ጢሙ ሸብቷል፤ ለእኔ ግን ልጅ ነው።

"ኧረ በአላህ! አባባ፣ ዛሬ ደግሞ በየት ዞረው ወደኛ መጡ?"

"ለእኔ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው።"

"እሱማ ነው። በዚህ ሱቅ የክርስቲያኑ ጎረቤት የበላውን በግ ያህል ማንም አልበላም" አለና ቢላውን ሳለ። የእትዬ ዞህራን ነገር ስነግረው ግን ሳቁን ተወ። ሸጋ የትከሻ ሥጋ መርጦ፣ አጥንቱን በልክ በልኩ አድርጎ ጠቀለለልኝ። ከዚያ ቆም አለ።

"አባባ፣ ነገ እኮ አርብ ነው። ይጾማሉ አይደል?"

"ታዲያ? የምበላው እኔ ነኝ?"

"መቅመስስ? ጨዉን በምን ሊያውቁት ነው?"

"የእኔ ልጅ" አልኩት፣ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ሰው በዚህ ዕድሜው ጨው በዓይን ያውቃል።"

ሀሰን ሥጋውን ብቻ አቀበለኝ። ወሎዬ ዝም ሲል መልስ እየሰጠ እንደሆነ ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

አርብ ጠዋት ሽርጥ ታጠቅሁ። የአስካለ ሽርጥ ነው፤ አበባ አለበት። ሳን ሆዜ ያለችው ልጄ ሜሮን ልትረዳኝ በስልኩ ቪዲዮ መጣች። ሥራ ላይ ናት፤ ስብሰባ ላይ ሆና የስብሰባውን ድምፅ ዘግታ ነው የምታየኝ። ስልኩን በስኳሩ ጣሳ አስደግፌ አቆምኩት።

በመጀመሪያ ሥጋውን በሎሚና በጨው አሸሁት። አስካለ ዶሮ ስታጥብ እንዲያ ታደርግ ነበር፤ በግ ደግሞ ያው እግር የተጨመረለት ዶሮ ነው። ከዚያ ሽንኩርቱን ከትፌ ድስት ላይ ጣልኩት።

"ዳዲ፣ ዌር ኢዝ ዘ ኦይል?" አለች ሜሮን።

"ሽንኩርት መጀመሪያ በራሱ ላብ ይበስላል።"

"በት ዲስ ኢዝ ሞሮካን ፉድ!"

"ሽንኩርት ዜግነት የለውም፣ ልጄ።"

አለቀስኩ። በሽንኩርቱ ነው። ሜሮንም ከዚያ ወዲያ ሆና ዓይኗን ጠረገች። ሳን ሆዜ ሽንኩርት የለም፤ ግን አልጠየቅኋትም። ሽርጡን አይታ መሆን አለበት።

ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ጨው ጣል አደረግሁ። ሥጋውን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ቀረፋውን ጨመርኩ። መልኩን አየሁት። ቢጫ ነው፤ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። በዚህ ጊዜ እጄ ወደ በርበሬው ሄደ። እኔ አልላክሁትም።

"ዳዲ! ዲድ ዩ ጀስት—"

"ለመልክ ነው! ለመልክ ብቻ!"

"ኦ ማይ ጋድ። ሚቲንጌ ጨረስኩ፣ ሌላ ሚቲንግ አለኝ። ሊስን፣ ሸክላውን ስቶቭ ላይ እንዳታደርገው፣ ኦኬ? ይፈነዳል። መጨረሻ ላይ ብቻ ገልብጥበት። ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ" አልኩ። በሰው አገር ቋንቋ የተገባ ቃል ከጉሮሮ በታች አይወርድም መሰለኝ።

ልጅቷ ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ። ወጡ ይንተከተካል፤ ቤቱ የሆነ ነገር መሽተት ጀመረ፤ የሚበላ ነገር። ፕሪሙን ጨመርኩ። ፕሪም ቤቴ ሞልቷል፤ ሆድህ እንዳይደርቅ ብሎ ሐኪሜ ያዘዘልኝ ነው። ማሩንም አፈሰስኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ጨው አድርጌያለሁ ወይስ አላደረግሁም? ሥጋው ላይ ያደረግሁት ለማጠቢያ ነው። ሽንኩርቱ ላይ ያደረግሁት ለሽንኩርቱ ነው። ለወጡስ? በዓይን አየሁት። ዓይኔ ምንም አልነገረኝም፤ መነጽሬን ደግሞ ከሸክላው አውጥቼ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኛል። አሸተትኩት። ጨው አይሸትም፤ ይህን እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ያኔ ነው ያወቅሁት። ሌላ ጣል አደረግሁ፤ ሀጂ አልጫ እንዳይበሉ።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ዕቃ አመላላሽ ነው፤ ሜሮን ሁልጊዜ የምትልክልኝን ቪታሚን ይዞ የመጣ ጎረምሳ። እግዜር የላከው ቀማሽ! በጭልፋ ይዤ ወጣሁ።

"ፍሬንድ፣ ፕሊስ፣ ዋን ሚኒት። ቴስት።"

የአበባ ሽርጤን አየ፣ ጭልፋውን አየ፣ ወደ መኪናው አየ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ቀመሰ። ዓይኑ ሰፋ፤ እንባም ያቀረረ መሰለኝ።

"ዋው" አለ። "ኢትስ ሶ... ፍሌቨርፉል። ካን አይ ጌት ሳም ዋተር?"

ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣና ሌላ ጠየቀ። ሥራቸው ከባድ ነው፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚውሉት ብዬ አዘንኩለት። እናንተ ግን በቀመሰው ምግብ ላይ "አስቀያሚ ነው" ያለ አሜሪካዊ ታውቃላችሁ? ለነገሩ ቅንነታቸው ነው። እኔም በቅንነት አመንኩት። "ዋው" ተባልኩ ብዬ ለአስካለ ፎቶ ነገርኳት።

ጥጋብ የመጣው ያኔ ነው። ወጡን ገልብጬ ቀዝቃዛ ሸክላ ይዤ ልሂድ? እትዬ ዞህራ ያመጡልኝ እኮ እየተንተከተከ ነበር! ሸክላውን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ቀይ ፍም የመሰለው ስቶቭ ላይ ሰየምኩት። ጭልፋ፣ ጭልፋ፣ ጭልፋ እያልኩ ግማሹን ገለበጥኩበት። ክዳኑን ላነሳ ዞር ስል፣ ጧ!

እንደ ጥፊ ነው የጮኸው። ሸክላው ከመሐል ተሰንጥቆ ለሁለት ወደቀ። ወጡ በስንጥቁ ወርዶ ስቶቩን አለበሰው፤ ማሩ ነደደ፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል እሪ አለ። መስኮት ከፈትኩ፣ በሽርጡ አራገብኩ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ደወሉን በመጥረጊያ እጀታ መታሁት። ዝም ሲል ከወንበሩ ወረድኩ።

ስብርባሪውን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሥሩ በስንት ዓመት እሳት ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ የእጃቸው መያዣ ቦታ ለስልሷል። እትዬ ዞህራ ሁለተኛ የሞቱ መሰለኝ፤ በዚህኛው ላይ ደግሞ ገዳዩን አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ ዓመት ባዶውን ብመልሰው ምን ነበር? ነውሩ እኔን ይገድለኝ ነበር እንጂ፣ ሸክላው ይተርፍ ነበር።

ግማሹ ወጥ የአስካለ ድስት ውስጥ ቀርቷል። ክዳኑም ተርፏል። ድስት ግጣሙን አያጣም ይባላል፤ የእትዬ ዞህራን ሾጣጣ ክዳን የአስካለ ድስት ላይ ደፋሁት። አልገጠመም። ትልቅ ቆብ እንዳጠለቀ ሕፃን ወደ አንድ ጎን አዘመመ። እንደዚያው አቅፌው፣ ስብርባሪውን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በጓሮ ዞሬ የሀጂን በር አንኳኳሁ።

ከመስጊድ የመጡት ሰዎች ቁርአን አንብበው፣ ሻይ ጠጥተው ሄደዋል። ሀጂ ብቻቸውን ናቸው። በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ክዳኑን ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ታችኛውስ?" አሉ።

ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው። አንዱን ስባሪ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳበሱት።

"ተናግራ ነበር" አሉ።

"ምን ብለው?"

"'ያ ሰው ሸክላዬን የሚመልሰው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው፤ ያኔም ሰብሮ ነው' ብላ።"

እትዬ ዞህራ በእውነት ይህን ብለው ይሁን፣ ሀጂ እኔን ለማጽናናት ፈጥረውት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያወቅሁት፣ ሀጂ ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገሩ ያኔ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነው።

ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥን። "ቢስሚላህ" ብለው ዳቦ ቆርሰው፣ ከወጡ አጥቅሰው ጎረሱ። ማኘክ ጀመሩ። ማኘክ አቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። አሁን ገባኝ፤ ሀሰን ገባኝ፣ ዕቃ አመላላሹ ገባኝ፣ ውሃው ገባኝ።

"ጨው?" አልኩ።

ሀጂ እንደምንም ዋጡና ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ጨለጡ።

"ወንድሜ" አሉ፣ "ባሕሩን አብስለህ አመጣህልኝ። ምነው ደግሞ እሳት ለቀቅህበት?"

"እሱ በርበሬ ነው፤ ለመልክ ነው።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ ግንባራቸውን ክዳኑ ላይ አስደግፈው አለቀሱ። ዳቦ ቆረስኩላቸው።

"ይተዉት ሀጂ፣ ያምዎታል" ብዬ ድስቱን ልስብ ስል እጄን መለሱት። ፕሪም በዳቦ አነሱና ጎረሱ። ውሃ ጠጡ። ደገሙ። "ፕሪሙ ደህና ነው" አሉ። ሥጋውንም በዳቦ እየጠረጉ፣ በውሃ እያወረዱ ቀጠሉ። የተከመረውን ዳቦ ግማሽ ሲጨርሱ ዓይኔን አላመንኩም።

ከዚያ ብድግ ብለው ማቀዝቀዣውን ከፍተው በትንሽ ሳህን የወይራ ፍሬ አመጡልኝ፤ ዳቦም ጨመሩበት።

"ዛሬ አርብ ነው። አንተ ሥጋ አትበላም።"

"በምን አወቁ?"

"ዞህራ ናት የነገረችኝ። 'ረቡዕና አርብ ሲጾም ፊቱ ይረዝማል፤ በአጥሩ በኩል ሥጋ እንዳትጠብስበት' ትለኝ ነበር።"

ወይራውን ጎረስኩ። እሱም ጨው ነበረው። ሁለታችንም ጨው እየበላን፣ ውሃ እየጠጣን፣ ፀሐዩ ከመስኮቱ እስኪዞር ተቀመጥን።

ስነሳ ድስቴን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ሀጂ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ባዶውን?" አሉ። "በእኛም ነውር ነው።"

ይኸው ከዚያ ወዲህ የአስካለ ድስት ከአጥሩ ማዶ ነው። ሀጂ ደግሞ ከእኔ የባሱ ናቸው፤ እኔ ሻይና እንቁላል አለኝ፣ እሳቸው ሻዩ ላይ ቀርተዋል። ድስቱ በወጥ ቤታቸው መስኮት ይታየኛል፤ መነጽራቸውንና ኪኒናቸውን አስቀምጠውበታል። ጠዋት ጠዋት አትክልት ሲያጠጡ "ሀጂ፣ ድስቴ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?" እላቸዋለሁ። "ገና ፊደል እየቆጠረ ነው" ይሉኛል። ሱሪያቸው ትንሽ ጠበቅ ያለ ይመስለኛል፤ ወይ ቀበቶ ገዝተዋል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ተቀምጬ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ጭስ ወጣ። ቀጥሎ የጭስ ደወል እሪ አለ። ቀጥሎ የሀጂ ድምፅ በአረብኛ ሲራገም ተሰማኝ። ልሮጥ ብድግ አልኩና ቆምኩ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ሽንኩርት ነው፤ ያረረ፤ በውስጡም ዝንጅብልና ቀረፋ አለበት።

ወንበሬን ወደ አጥሩ አስጠጋሁ። ቤት ገብቼ ዳቦ ይዤ ወጣሁና ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ቀኑ ማክሰኞ ነበር።